እማዬ፣ «ከዚያስ?» ላልሽው

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ? መድኃኒቱን «ተሻለኝ» ብለሽ እንዳቋረጥሽው ሰምቻለሁ። ማን እንደነገረኝ አትጠይቂኝ። ብቻ ጨርሺው።

ባለፈው በስልክ የጠየቅሽኝን በደንብ አልመለስኩልሽም። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ደግሞ ሰው ሐሳቡን ሰብስቦ መናገር አይችልም። «በጎ ፈቃደኛ ልጆች ሰብስባችሁ ስለ አየር ንብረትና ስለ ሰላም ታሰለጥናላችሁ፣ ከዚያስ? እኛንም በ67 ልከውን ነበር» አልሽኝ። ነገሩ ከነከነኝ። ስለዚህ በጽሑፍ ልመልስልሽ ብዬ ነው። በወንድሜ ቴሌግራም እልከዋለሁ፣ ፊደሉን አሳድጎ ያስነብብሽ።

ያንቺን ዘመቻ ንቄ አይደለም። ዕድገት በኅብረት ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ተማሪና አስተማሪ ከየትምህርት ቤቱ አንስቶ ገጠር ለገጠር የበተነ ነገር ነው። ካኪሽን ለብሰሽ ጋሞ ደጋ ላይ ጨንቻ እንደደረስሽ እንሰቱን አይተሽ «ሙዙ ታዲያ የት አለ?» ያልሽውን እየሰማን ነው ያደግነው። የካቲት 25 ቀን 1967 የመሬት አዋጁ ሲወጣ ገበሬ ማኅበር ልታደራጁ ላይ ታች አላችሁ። ከዚያ ዘመቻው አለቀ፣ ወደ ቤታችሁ ተመለሳችሁ። «መተዋወቅ ስንጀምር ተለያየን» ትዪ የለ? የኛ ልጆች ግን የትም አይዘምቱም። የሚሠሩት የተወለዱበት ቀበሌ ውስጥ ነው። ሥልጠናው ሲያልቅ ወደ ቤት የምሄደው እኔ ነኝ፤ እነሱ እዚያው ከጎረቤታቸው ጋር ናቸው። ያበላሹት ነገር ካለ ጠዋት ከቤት ሲወጡ ያገኙታል።

ግማሾቹ ከደጋው ናቸው፣ ከጨንቻና ከዶርዜ በኩል። ግማሾቹ ከቆላው፣ ከጫኖ በኩል፣ የሙዝ ገበሬ ልጆች። 12ኛ ክፍል ላይ ውጤት ያልመጣላቸው አሉ፣ ዲግሪ ይዘው ባጃጅ የሚነዱም አሉ። አንድ ላይ ያደረግናቸው በሐሬ ወንዝ ምክንያት ነው። ሐሬ ከጨንቻ ደጋ ይነሳና የቆላውን ሙዝ አጠጥቶ አባያ ሐይቅ ይገባል። ላይ ያለው ሰው ዳገቱን እስከ ጫፉ ካረሰው ክረምት በመጣ ቁጥር አፈሩ ታች ወርዶ የመስኖውን ቦይ ይደፍነዋል። አባያ እንደዚያ ቀላ ብሎ የሚታየው በአፈር ነው። በጋ ላይ ደግሞ ላይኛው ውሃውን ሲጠልፍ ታችኛው ጋ ቦዩ ደርቆ ይከርማል። አንዱ ሌሊት ተነስቶ ተራው ሳይደርስ ይከፍታል፣ ሌላው ዶማውን ይዞ ይመጣል። ዝናቡ ጊዜውን ጠብቆ ሲመጣ ይሄ ሽማግሌ በአንድ ማለዳ የሚጨርሰው ጉዳይ ነበር። አሁን በልጉ አንዳንዴ ይቀራል፣ አንዳንዴ ደግሞ የወሩን በአንድ ሳምንት ዘርግፎት ይሄዳል። እንዲህ ያለ ጠብ ሲጀመር በውሃ ነው። ውሎ ሲያድር ግን የብሔር ወይም የሃይማኖት ስም ይለጠፍበትና ውሃው ይረሳል። «የአየር ንብረትና ሰላም ምን አገናኛቸው?» ላልሽው ይኸው ነው መልሴ።

ሥልጠናው ራሱ አንቺ እንደምታስቢው አይደለም። እርግጥ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «አበል ስንት ነው?» ነው። አልፈርድባቸውም። ሥልጠና ማለት ባነር፣ ቲሸርት፣ ሻይ በብስኩት፣ ፎቶ፣ ሠርተፍኬት፣ ቻው ሆኖ የኖረበት አገር ነው። እኛ ትራንስፖርትና ምሳ እንሰጣለን፣ ከዚያ ውጪ የለም እንላለን። ጥቂቶቹ በሻይ ሰዓት ይጠፋሉ። የቀሩት የምር የቀሩ ናቸው።

ከዚያ ውጭ እንወጣለን። ሐሬን መሬት ላይ በአመድ ይስሉታል። ድንጋይ ቤት ይሆናል፣ ቅጠል ደን ይሆናል። ሰው የተጣላበት ቦታ ላይ ቀይ በርበሬ ያስቀምጣሉ። አንድ ጊዜ የደጋዎቹ በርበሬ በሙሉ የግጦሹ መሬት ላይ ሆነ፣ የቆላዎቹ ደግሞ በሙሉ ውሃ መጥለፊያው ላይ። «እዚያ ጠብ አለ እንዴ?» ተባባሉ፣ ከልባቸው ገርሟቸው። ለካ አንድ ወንዝ እየጠጡ የሌላውን ችግር ሰምተውት አያውቁም። ክርክሩ ምሳ ሰዓትን አልፎ ሄደ፣ እኔም ዝም አልኳቸው። የፈለግኩት እሱኑ ነው።

የእርከን ቀን ብታዪያቸው ደስ ይልሽ ነበር። ሁለት እኩል ዘንግ፣ 10 ሜትር ሲባጎ፣ መሐሉ ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ውሃ ልክ፣ በቃ ይሄው ነው ዕቃው። አንዱን ዘንግ የደጋ ልጅ ይይዛል፣ ሌላውን የቆላ ልጅ። ሦስተኛው መሐል ላይ ጎንበስ ብሎ አረፋዋን ያያል። «ትንሽ ውረድ… ትንሽ… ኧረ በዛ! ተመለስ… ቁም!» አረፋዋ መሐል ላይ ስትቆም ችካል ይመታል። ከዚያ ወደሚቀጥለው። ሲጨርሱ ዞር ብለው ያዩና «ይሄማ ጠማማ ነው» ይላሉ፣ ሁልጊዜ። እኛ ቦዩን ካስቆፈርናቸው በኋላ አንድ ጄሪካን ውሃ እናፈስበታለን። ውሃው ወዲያም ወዲህም ሳይሮጥ ሲተኛ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ጥርና የካቲት ላይ ሕዝቡ ለተፋሰስ ሥራ በነጻ ጉልበቱ ሲወጣ መስመሩን የሚያወጡት እነዚሁ ልጆች ናቸው። ፀጉራቸውን «ስታይል» የተቆረጡ ልጆች አዛውንት ገበሬ ሲያሰልፉ እያየሁ ብቻዬን እስቃለሁ።

ሁምቦም ወስደናቸዋል። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ሲመጣ መንገድ ላይ ነው። አንቺ ባለፍሽበት ዘመን ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም፣ በኋላ ግን ተራራው ራቁቱን ቀርቶ ነበር። ሰዎቹ ያደረጉት ነገር ገራሚ ነው፤ ከ2,700 ሔክታር በላይ የሆነውን ያን ተራራ ሲያለብሱ ብዙውን ቦታ ችግኝ አልተከሉበትም። ዛፉ ተቆርጦ ጉቶው መሬት ውስጥ ሕይወት ነበረው፣ በየዓመቱ ያቆጠቁጣል፣ በየዓመቱ ከብትና ማገዶ ለቃሚ ይጨርሰዋል። እነሱ ከብቱን ከልክለው፣ ከየጉቶው ካቆጠቆጠው መሐል ሁለት ሦስቱን ጠንካራዎች መርጠው ሌላውን ገረዙት። ገጀራው ከታች ወደ ላይ ነው የሚሰነዘረው፣ ልጡ እንዳይላጥ። ልጆቹም ሞከሩት። በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ደኑ ለያዘው ካርቦን ከዓለም ባንክ ፈንድ ገንዘብ ተከፍሏቸዋል። ያንን ሲሰሙ የልጆቹ ጆሮ እንዴት እንደቆመ ብታዪ! «በዛፍ ይከፈላል?» አለ አንዱ የባጃጅ ሹፌር።

እኔ ግን ልጆቹ ገንዘቡን ብቻ ይዘው እንዲመለሱ አልፈለግኩም። መሬት ለመከለል መጀመሪያ ማን ከብቱን ያስወጣል? ሳሩን ማን ያጭዳል፣ በየትኛው ቀን? አንድ በሬ ብቻ ያላት ባሏ የሞተባት ሴትዮ የት ታሰማራ? የኛ በጎ ፈቃደኞች ዋናው ሥራቸው ይሄን ጥያቄ ይዞ ቤት ለቤት መዞር ነው። ያንቺ እድር ማለት ነው እኮ፤ የቀረ ይቀጣል፣ የተቸገረ ይታገዛል፣ ሕጉን ራሳቸው ያወጡታል። ይሄ ሳይሆን አጥር ቢታጠር ሌሊት ይነቀላል፣ ከዚያ ጥበቃው ይደበደባል፣ ከዚያ የጥበቃው ወንድሞች ይመጣሉ። በጎ ሥራ ብለን የገባንበት ራሱ ጠብ ይሆናል። በየቦታው እንዲህ ሆኖ አይቻለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል አንቺም እድርሽን ይዘሽ ወጥተሽ ተክለሻል። መውጣቱ ጥሩ ነው፣ ሰው አንድ ላይ መሬት መንካቱን እወደዋለሁ። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ስንት ተተከለ የሚለው ቁጥር አይገርመኝም። ከግጦሽ ባለቤቱ ጋር ሳይስማሙ የተተከለ ችግኝ የፍየል ምሳ ነው።

ስለ ሰላሙ ደግሞ። መስከረም 2011 ላይ ያየነውን አትረሺውም። ቡራዩ ሰው ሲገደልና ሲፈናቀል ከተጎዱት ብዙዎቹ የጋሞ ልጆች ነበሩ። አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ ለበቀል ወጣ። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሳር ይዘው ፊቱ ተንበረከኩ፣ ወጣቱም አልፏቸው መሄድ አልቻለም፣ ተመለሰ። አንቺ ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብለሽ አልቅሰሻል። ያኔ ከሰልጣኞቻችን አብዛኞቹ ገና ልጆች ነበሩ። ባለፈው ስንነጋገርበት አንዷ ልጅ «ሽማግሌዎቹ የተንበረከኩት ወጣቱ መንገድ ላይ ከወጣ በኋላ ነው፣ ከመውጣቱ በፊት የነበሩት ሰዓቶች የማን ናቸው?» ብላ ጠየቀች። ክፍሉ ዝም አለ። አሁን ትልቁ ልምምዳችን ከዚያ ጥያቄ የመጣ ነው። «ላይኞቹ ቦዩን ሆን ብለው ደፈኑት» የሚል የውሸት ወሬ፣ ልምምድ መሆኑን እያወቁ፣ በራሳቸው ቴሌግራም ግሩፕ እንለቃለን። ከዚያ ማን አስተላለፈ፣ ማን ተሳደበ፣ ማን ደግሞ ስልክ አንስቶ ላይ ያለውን ጓደኛውን ደወለለት ብለን እንቆጥራለን። መጀመሪያ ላይ የሚደውል የለም፣ ምክንያቱም የማንም ቁጥር የላቸውም። ስለዚህ ከየቀበሌው የሁለት ሰው ስልክ ሳይዝ ሥልጠናውን የሚጨርስ ልጅ የለም። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ እኔ ግን ከሠርተፍኬቱ የበለጠ የማምነው እሱን ነው።

ጎፋን ሳላነሳ ብቀር ትቆጪኛለሽ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ገዜ ጎፋ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፣ ከዝናቡ በኋላ ተራራው ተናደ። ጎረቤት የተቀበሩትን ሊያወጣ ሮጠ፣ እነሱ እየቆፈሩ ሳለ እንደገና ተናደ። ከ200 በላይ ሰው ነው ያለቀው፣ ከነሱም ብዙዎቹ ሊረዱ የመጡ ነበሩ። ልጆቹ ይሄን ሲሰሙ ማንም ለማስታወሻ እስክሪብቶ አላነሳም። አንቺ «ደፋርነት እንዳታስተምሯቸው» ትዪኛለሽ። ልክ ነሽ፣ የምናስተምረው ሌላ ነው፦ መሬት ሲሰነጠቅ፣ ዛፍና የስልክ እንጨት ሲያዘም፣ ጥርት ያለ ምንጭ ድንገት ሲደፈርስ ዳገቱ ሥር ያለው ሰው ወዲያው ይነሳ። ሰው ከተቀበረ ሁሉም አንዴ አይግባ፣ አንድ ሰው ከላይ ሆኖ ተራራውን ይጠብቅ፣ ሲጮህ ሁሉም ዶማውን ጥሎ ይሩጥ። ጎረቤትሽ አፈር ውስጥ እያለ «ቆይ» ማለት ግን ከባድ ነው። እሱን በሥልጠና እንችለዋለን ብዬ አልዋሽሽም። ቢያንስ ቀድመው ያስቡበታል።

«ከዚያስ?» ነበር ያልሽው። ከዚያ አንዳንዶቹ አዲስ አበባ ይገባሉ፣ አንዳንዶቹ አረብ አገር። አይከፋኝም፣ ኑሮ ነው። የቀሩት ክረምት ላይ ቦይ ሲደፈን መጀመሪያ የሚጠሩ ሰዎች ሆነዋል፣ ሽማግሌዎቹም ዱቡሻ ላይ፣ ማለትም የጋሞ ሸንጎ ላይ፣ ያስቀምጧቸዋል፤ ለመናገር ገና ተራ አይደርሳቸውም፣ ለመስማት ግን ይጠራሉ። አንዷ የቆላ ልጅ አሁን የውሃ ተራ መዝጋቢ ናት። ደብተሯን አሳየችኝ፣ ካንቺ የእድር መዝገብ አያንስም፤ ሥርዝ ድልዝ የለበትም።

እማዬ፣ ለመስቀል ነይ። ጋሞ መስቀልን እንዴት እንደሚያከብር አንቺው ነሽ የነገርሽኝ፣ አሁን ደግሞ እኔ ላሳይሽ። የዘመትሽበትን ቀበሌ ስም በደንብ አስታውሺና ጻፊልኝ፣ ከልጆቹ አንዱ ከዚያ በኩል ነውና አያቶቹን ያጠያይቅልኛል። አውቶብስ አይሆንሽም፣ ጉልበትሽ አይችለውም። እስከ አርባ ምንጭ በአውሮፕላን ነው የምትመጪው፣ ቲኬቱን እኔ እቆርጣለሁ፣ «ውድ ነው» የሚል ነገር አልሰማም። የእድሩን ቁልፍ ለምክትልሽ ስጪና ወፍራም ጋቢ ያዢ፣ ጨንቻ አሁንም እንደድሮው ይበርዳል።

ልጅሽ