ባዶ እጅህን ና

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ባለፈው እሑድ ደውለህ «ዘንድሮ ቁልቢ አልመጣም፤ ምን ይዤ ልምጣ?» ብለህ ስልኩን ከዘጋህ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። መልሼ ልደውል አሰብኩና ተውኩት። በስልክ ከጀመርኩት አለቅሳለሁ፤ አንተም «በቃ እማዬ» ትለኛለህ። ለዚህ ነው ወረቀት ያነሣሁት።

ነገሩ በትክክል ከገባኝ፣ የእንጨት ሥራ ቤቱን ስትከፍት ለገብርኤል ተስለህ ነበር። ሥራው አልሠመረም፤ ማሽኖቹ ተሸጡ፤ ዕዳው ቀረ። እንግዲህ እርሱ ካላደረገልኝ እኔም የለሁበትም ነው የምትለው። አልቆጣህም። እኔ ከዚህ የባሰ ብያለሁ።

ቁም ሳጥኑ ላይ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥ የነበረውን ጃንጥላ ታስታውሳለህ? ሐምራዊ ከፈይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ያለው። አንድ ቀን አውርደህ በረንዳ ላይ ዘርግተህ «ንጉሥ ነኝ» እያልክ ስትዞር በጥፊ መታሁህ። ስምንት ዓመትህ ነበር። ያን ጥፊ አንተ ረስተኸው ይሆናል፤ እኔ ግን አልረሳሁትም። ለምን እንደመታሁህ ዛሬ ልንገርህ።

በ1988 ዓ.ም. የአባትህ ኩላሊት ተጎዳ። ያ ሃያ ዓመት ሙሉ በምድር ባቡር ብረት ሲበይድ የኖረ ሰው እግሩ አብጦ ጫማ አልገባለት አለ። በባቡር አዲስ አበባ ወስጄ አሳከምኩት፤ ያልሸጥኩት ዕቃ የለም። መጨረሻ ላይ የደንገጎን ዳገት ወጥቼ ቁልቢ ሄድኩና ደጁ ላይ ተንበርክኬ «ይህን ሰው አትርፍልኝ፤ ጃንጥላ አስገባለሁ» አልኩ። እንደ ተመለስኩም ሳልጠብቅ ተበድሬ ገዛሁት። ብልጠት መስሎኝ ነው፤ ዕቃው ከተገዛ ገብርኤል እምቢ ለማለት ያፍራል ብዬ።

አባትህ በሚያዝያ ሞተ።

ቁልቢን ታውቀዋለህ። ራስ መኰንን ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ ተስለው፣ ድል አድርገው ሲመለሱ ቤተ ክርስቲያኑን አሠሩ ይባላል። እርሳቸው ስለታቸው ደረሰላቸው። ታኅሣሥ 19 ልጅ ያገኘችው ልጇን ታቅፋ ትመጣለች፤ ከበሽታው የዳነው ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን ይወጣል፤ እልልታው አይቋረጥም። ስለቱ ያልደረሰለት ሰው በዚያ ሕዝብ መካከል የት እንደሚቆም ግን የነገረኝ አልነበረም። ስለዚህ ቤቴ ቀረሁ። ጃንጥላው ከላይ ያየኛል፤ እኔም ከታች አየዋለሁ። እንጀራ ጋግሬ ለሆቴሎች ማስረከብ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን ምጣድ ያዋሱኝ ጎረቤታችን የነበሩት ሙስሊሟ እናት ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። በድሬዳዋ ሙቀት ምጣድ ሥር መዋል ምን እንደሆነ አንተ ከብርድ አገር ሆነህ አትረዳውም።

በሦስተኛው ዓመት ኅዳር ላይ የንስሐ አባታችን ሊጠይቁን መጡ። ጃንጥላውን አይተው «ይህ ምንድን ነው?» ሲሉኝ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይገሥጹኛል ብዬ ስጠብቅ ትንቢተ ዳንኤልን አውጥተው ምዕራፍ 3ን አነበቡልኝ። የታኅሣሥ ገብርኤል በዓል ታሪክ ነው፤ ሠለስቱ ደቂቅ፣ ሦስቱ ልጆች፣ ወደ እቶኑ የተጣሉበት። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ሁልጊዜ የሚታየኝ ግን መልአኩ እሳቱን ሲያበርደው ነው። እርሳቸው ቁጥር 18 ላይ ጣታቸውን አቆሙ። ልጆቹ ለንጉሡ አምላካችን ሊያድነን ይችላል ካሉ በኋላ፣ «እርሱ ባያድነን» ብለው ይቀጥላሉ፤ ባያድነንም ላንተ ምስል አንሰግድም። «ይህን ያሉት እሳቱ ሳይበርድ ነው» አሉኝና ቡናቸውን ጠጥተው ሄዱ።

በዚያ ዓመት ጃንጥላውን ይዤ ወጣሁ። ስለት የሚመዘግበው ሰው «እናቴ፣ ስለትሽ ምን ነበር?» አለኝ። «ባሌ እንዲድንልኝ» አልኩት። «እንኳን ደስ ያለሽ!» አለ። «ሞቷል» አልኩት። እስክሪብቶው ቆመ። ቀና ብሎ ሲያየኝ ቆየና ምንም ሳይናገር ደረሰኙን ቆርጦ በሁለት እጁ ሰጠኝ። ስወርድ ትከሻዬ ቀሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከእግዚአብሔር ጋር መደራደር ትቻለሁ፤ መለመን ግን አልተውኩም፤ አሁንም አንዳንዴ እንደ ሕፃን እነዘንዘዋለሁ።

ሁሉ ነገር ገባኝ እያልኩህ ግን አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማለቂያ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ እኛ ተረፍን። ለቅሶ ቤት አንዲት ሴት «አንቺንስ እግዚአብሔር አተረፈሽ» ስትለኝ፣ ልጇን ውኃ የወሰደባት ጎረቤታችን አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። አሜን ማለት አቃተኝ። እኔን አተረፈኝ ካልኩ የእርሷን ልጅ ምን አደረገው ልል ነው? ዛሬም መልስ የለኝም። ያን ጊዜ ያደረግሁት ነገር ቢኖር እጇን ይዤ አብሬያት መቀመጥ ብቻ ነው።

ስለ ዕዳው እኔ የምመክርህ ብዙ የለኝም፤ ከአበዳሪዎችህ አትደበቅ፤ ትንሽ ትንሽ ክፈል። ደግሞ ብላ። እኅትህ ከስተሃል ብላኛለች። ኤልያስ እንኳ በቃኝ፣ ነፍሴን ውሰድ ብሎ ከዛፍ ሥር ሲተኛ መልአኩ ያመጣለት ተግሣጽ አልነበረም፤ እንጎቻና ውኃ ነው። በልቶ ተኛ፤ እንደገና ቀስቅሶ አበላው። ወሬው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንጀራ ጋጋሪ ስለሆንኩ ይሆናል ይህ ቦታ ደስ የሚለኝ።

እንግዲህ ታኅሣሥ 17 ከአዲስ አበባ ለቡ ጣቢያ በባቡሩ ተሳፈር። የእኛ አዲሱ ጣቢያ ከከተማ ወጥቶ ሜዳ ላይ መሆኑን አባትህ ቢያይ ኖሮ ይሥቅ ነበር፤ ለእርሱ ድሬዳዋ ማለት የድሮው ጣቢያና ዙሪያው ናት። ባጃጅ ይዘህ በቀጥታ ወደ ቤት ና። ጾም ስለሆነ ዶሮ አትጠብቅ፤ ሽሮው ግን የምታውቀው ሽሮ ነው። በማግሥቱ አብረን እንወጣለን፤ ጉልበቴ ዳገቱን ብቻዬን አያስወጣኝምና ትከሻህን እፈልገዋለሁ።

ጃንጥላም ጧፍም አትግዛ። ጋቢ ብቻ ያዝ፤ ቁልቢ ሌሊት ይበርዳል።

እናትህ