ግልጽ ደብዳቤ ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር፦ የጌታቸው መኩሪያን ሽለላ ማን ያስተምር?

ክቡራን የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

እንደምን ከርማችኋል? ሐውልት ልጠይቃችሁ አልጻፍኩም። መንገድ በስሙ ቢሰየም ደስ ይለኛል፣ ግን እሱ ይቆየን። የምጠይቀው ያነሰ ነገር ነው። ጌታቸው መኩሪያ በሳክስፎን የሸለለበት መላ ዛሬ ሳክስፎን ለሚይዙ ልጆች ይድረስ።

ጌታቸው በ1927 ዓ.ም ይፋት ተወለደ። እጁን ያፍታታው በክራርና በማሲንቆ ነው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ኦርኬስትራ ገባ። ከዚያ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር። ቀጥሎ የፖሊስ ኦርኬስትራ። ልብ በሉልኝ፣ ሦስቱም የመንግሥት ቤቶች ናቸው። እንግዲህ የራሳችሁን ቤት ንብረት ሰብስቡ ማለቴ ነው፤ ውለታ አልለመንኩም።

ሽለላን ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ዘማቹን ደም የሚያፈላ፣ ፉከራ የሚያስከትል ነገር ነው። ጌታቸው ያንን ከሸላዩ አፍ ወስዶ ለቴነር ሳክስፎን ሰጠው። ፊሊፕስ ያሳተመለትን ሸክላ የሰማ ያውቀዋል። አንዱን ድምፅ ይዞ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ከዚያ ድንገት እየተጣደፈ ቁልቁል ይንደረደራል። ቃል የለም፣ ግን ሰውየው እየፎከረ እንደሆነ ማንም አይጠፋውም። መድረክ ላይ ደግሞ የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ ነበር የሚሸልለው።

የውጭ ሰዎች ሲሰሙት አሜሪካውያኑን የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋቾች፣ ኦርኔት ኮልማንንና አልበርት አይለርን ያነሳሉ። ምስጋና ነው መቼስ። ግን ጌታቸው በሳክስፎን መሸለል የጀመረው የእነዚያ ሰዎች ስም ገና ሳይታወቅ ነው። ያው ሰው ደግሞ ዘፋኝ ያጅባል፣ ለዳንስ ያጫውታል። ትዝታ ሲይዝማ ሌላ ሰው ነው፣ ለስለስ ይላል።

ፓሪስ የሚገኝ አሳታሚ ሥራውን ኢትዮፒክስ በተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ አልበም 14ኛ ቅጽ አድርጎ መልሶ አወጣው። «የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ» የሚለውን ስም ይዞ ዓለም ሰማው። ዘ ኤክስ የሚባሉት የሆላንድ ፓንክ ተጫዋቾች እ.ኤ.አ. በ2004 አምስተርዳም ጋበዙት። ሽማግሌው እነዚያን ጯሂዎች ወደዳቸውና ቀጣዩን አልበሜን አብራችሁኝ ሥሩ አላቸው! «ሞአ አንበሳ» እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው በየአገሩ መድረክ ዞረ። በመጋቢት 2008 ዓ.ም አረፈ።

እኔ ቴነር የምሞክር ሰው ነኝ። ሽለላውን ከቅጂ እየሰማሁ ኖታ ላይ ላወርደው ስሞክር መስመሩ አይበቃኝም። በድምፅና በድምፅ መካከል የሚንሸራተተውን፣ ትንፋሹን የሚቆርጥበትን ቦታ፣ ከንፈሩ ምን እንደሚሠራ ወረቀት አይነግረኝም። ይህን የሚያሳይ አብሮት የተጫወተ ሰው ነው። እነዚህ ሰዎች ደግሞ እያረጁ ነው።

ስለዚህ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ጋር ተነጋገሩ። አብረውት የነበሩትን ሙዚቀኞች መሣሪያቸውን አስይዛችሁ በቪዲዮ ቅረጹ። ሲያወሩ ብቻ ሳይሆን ሲጫወቱ፣ ጣታቸውና ከንፈራቸው ቀረብ ተደርጎ ይታይ። ብሔራዊ ቴአትርና የፖሊስ ኦርኬስትራ መጋዘናቸውን ከፍተው የቴፕ ክርም ሆነ ኖታ ይፈልጉ፤ የተገኘው ይገልበጥና ተማሪ ይስማው። የሳክስፎን ተማሪ ከውጭ መማሪያ መጽሐፍ ጎን አንድ ሽለላ ሳይጫወት አይመረቅ። ይህ ትልቅ በጀት የሚጠይቅ አይመስለኝም። አንድ ካሜራ፣ አንድ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ለአንጋፋዎቹ የሚገባ አበል። አበሉ ላይ እባካችሁ አትቆጥቡ፣ ብዙ ጊዜ በነጻ ተጠርተዋል።

ጉዳዩ የየትኛው ክፍል ሥራ እንደሆነ በይፋ አሳውቁን። ሰው ከተመደበ እኛ ቅጂ ያለንን ይዘን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሳክስፎን ተማሪ