ቆራሌው የማይወስደው፦ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

አሳ የሚጠመድባቸው ዳርቻዎቻችን ላይ ይጠጣል፤ ይህን ለማወቅ ክበብ ማቋቋም አያስፈልግም። ጠዋት ሄዶ የሚያይ ሰው ግን ደህና የቢራ ጠርሙስ እምብዛም አያገኝም። ጠርሙስ መያዣ ያስከፍላል፤ ጠጪው ጥሎት ቢሄድ እንኳ ጎህ ሳይቀድ የሚለቅመው አለ። የሚቀረው ገዢ የሌለው ነው፦ ቆርኪ፣ ስባሪ፣ ፌስታል፣ የጫት ገራባ፣ አረቄ የመጣበት ሃይላንድና የተበጠሰ የናይለን ክር። ክበባችን ዓመቱን በሙሉ የታገለው ከዚህ ትራፊ ጋር ነው።

ሥራው የተሠራው ባሕር ዳር፣ ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት ብዙም ሳይርቅ፣ ሰው በእጅ ክር በሚያጠምድባቸው ሁለት ቦታዎች ነው። በጥቅምት 100 ሜትር ዳርቻ በገመድ ለክተን፣ ከውሃው ጠርዝ ወደ ላይ 5 ሜትር ስፋት ውስጥ ያለውን እየቆጠርን መመዝገብ ጀመርን። ስህተታችን የገባን በመጋቢት ነው። ጣና ክረምቱ ሲወጣ ይሞላል፤ ከዚያ እስከ ሰኔ እየጎደለ ይሄዳል። ዳሩ ዝርግ በሆነበት ቦታ ውሃው በቁመት ትንሽ ሲወርድ ጠርዙ ብዙ ሜትር ይሸሻል። ስለዚህ በመጋቢት የቆጠርነው መሬት በጥቅምት ውሃ ውስጥ የነበረውን ነው፤ ሁለቱን ቁጥሮች ማወዳደር አይቻልም። አሁን ልኬቱ የሚጀምረው ከማይንቀሳቀስ ምልክት፣ ከአንድ የዋርካ ግንድ ነው። በኪሎ መመዘኑንም ትተነዋል፤ እርጥብ ማዳበሪያ ውስጥ የሚመዘነው አሸዋና ውሃ ነው። በቁጥር ይሻላል።

ተማሪ ውሃ ውስጥ አይገባም። ይህ ደንብ ለጥንቃቄ ያህል ብቻ የተጻፈ አይደለም። ጣና ዳር ቢልሃርዝያ አለ፤ ተሸካሚዋ ቀንድ አውጣ የምትኖረው ሣርና ደንገል ባለበት ረጋ ያለ ዝቅተኛ ውሃ ውስጥ ነው፣ ላስቲክ ተገፍቶ የሚጠራቀመውም እዚያው ነው። የበሽታው ትል እጮች ከቀንድ አውጣዋ በብዛት የሚወጡት ፀሐይ ስትበረታ ነው፤ ቆዳ በስተው ለመግባት ደቂቃዎች ይበቋቸዋል። ቦት ጫማም ብዙ አያድንም፣ ውሃው ከላይ ከገባበት እግርን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ የምንሠራው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ 2 ሜትር ተኩል ርዝመት ባለው ቀርከሃ ነው። ጫፉ ላይ የ6 ቁጥር ፌሮ እንደ መንጠቆ ታጥፎ በሽቦ ታስሯል። እምቦጭ ባለበት ቦታ ላስቲኩን ብቻ እናወጣለን፤ አረሙን ጎትቶ ውሃ ዳር መተው ተመልሶ እንዲያቆጠቁጥ መርዳት ነው።

ቆርኪን በእጅ መልቀም አሰልቺ ነው፤ አሸዋ ውስጥ የገባውም አይታይም። መፍትሔው ከተቃጠለ ስፒከር የወጣ ማግኔት ሆነ። ማግኔቱ በፌስታል ይጠቀለልና በቀርከሃው ጫፍ ይታሰራል፤ ከዚያ አሸዋውን ቀስ ብሎ መዳሰስ ነው። ቆርኪው፣ ያለቀ መንጠቆውና ምስማሩ ይለጠፍበታል። ሲሞላ ፌስታሉን ወደ ውጭ መገልበጥ፤ የተለጠፈው ሁሉ በባልዲው ውስጥ ይረግፋል። ፌስታሉ ከተረሳ ግን የብረት ቅንጣትና አሸዋ ማግኔቱ ላይ ይጋገርና ግማሽ ሰዓት ሲፋቅ ይዋላል። የዛገ ቆርኪም ይያዛል፤ የአሉሚኒየም ጣሳ ግን አይያዝም፣ እሱን በዓይን መፈለግ ነው። አንድ ቆርኪ ከ2 ግራም ብዙም አይበልጥም፣ ኪሎ ለመሙላት ከ400 በላይ ያስፈልጋል። ባልዲ ሙሉ ሲሆን ግን ብረት ነውና ቆራሌውም ይወስደዋል።

ላስቲክም እንዲሁ ነው። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ 1 ኪሎ እንዲሞላ እንደ ውፍረቱ ከ60 እስከ 100 የሚሆን ያስፈልጋል። ክዳኑ መነቀል አለበት፣ ጠርሙሱ ከተሠራበት ላስቲክ የተለየ ነው፤ ቆራርጣችሁ በሣፋ ውሃ ውስጥ ብትጨምሩ ክዳኑ ይንሳፈፋል፣ ጠርሙሱ ይሰጥማል። ክዳኑ ሳይነቀል ሊረግጡት የሞከሩም አየሩ መውጫ አጥቶ ጠርሙሱ ከእግራቸው ሥር አምልጧል።

ፈሳሽ ያለበትን የተከደነ ሃይላንድ ማንም ተማሪ አይከፍትም፣ አያሸትም። አረቄ ሊሆን ይችላል፣ ሽንት ሊሆን ይችላል፣ የሞተር ጀልባ ቤንዚንም ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱም በአንድ ዓይነት ላስቲክ ነው የሚመጡት። ለብቻው በባልዲ ቆሞ ይቀመጥና መምህር ያየዋል። ስባሪ ጠርሙስ ደግሞ ማዳበሪያ ውስጥ አይገባም፣ ቀድዶ የተሸካሚውን ባት ይቆርጣል፤ ክዳን ባለው የቀለም ባልዲ ይሰበሰባል። ጓንቱ የግንበኛ ወፍራሙ ይሁን። የሐኪም ስስ ጓንት ለስባሪ ምንም ማለት አይደለም።

ክሩን በተመለከተ፦ መንጠቆው ድንጋይ ሲይዝ አጥማጁ ይጎትታል፣ ክሩ ይበጠሳል፣ ሜትሮች እዚያው ይቀራሉ። ናይለን አይበሰብስም፤ የውሃ ወፎችን እግር ጠምዝዞ ይይዛል፣ የታንኳ ቀዛፊ እጅም ይቆርጣል። በባዶ እጅ አይጎተትም፤ በአጭር እንጨት ላይ እየጠቀለሉ ማውጣት፣ እምቢ ሲል በመቀስ መቁረጥ ነው። ለዚህ ማጠራቀሚያ ሠራን፦ የ110 ፒቪሲ ቱቦ፣ 70 ሳንቲሜትር፣ ታቹ በመክደኛ የተዘጋ። የመጀመሪያው ሁለት ጉድለት ነበረው። አፉ ወደ ላይ ስለነበር ዝናብ ሞላው፣ ገራባም ተጨመረበት። መክደኛው በማስቲሽ ስለተጣበቀ ደግሞ ለማራገፍ ቱቦውን በመጋዝ መቁረጥ ግድ ሆነ። ሁለተኛው አናቱ ላይ ጎሚቶ ተገጥሞለት አፉ ወደ ጎን ዞሯል፤ መክደኛው በሁለት ብሎን ብቻ ተይዟል፣ ውሃ ማፍሰሻ አራት ቀዳዳም አለው። ዛፉ ላይ በሲባጎ ታስሯል እንጂ በምስማር አልተመታም።

ለምን የቆሻሻ በርሜል አላስቀመጣችሁም የሚሉን ወላጆች አሉ። የሚያራግፈው ሰው ያልተመደበለት በርሜል ከሳምንት በኋላ ቆሻሻ መጣያ ቦታ ይሆናል፤ ውሻ ይገለብጠዋል፣ ፌስታሉን ነፋስ መልሶ ሐይቁ ውስጥ ይጨምረዋል። ቅዳሜ ጠዋት ማዳበሪያ ሰቅሎ ያን ቀን ይዞ መመለስ ይበልጣል።

ኅዳር 12 ራሱን የቻለ ችግር ነበር። ኅዳር ሲታጠን ቆሻሻ ማቃጠል በ1911 ዓ.ም. ሕዝብ ከፈጀው የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ የመጣ ልማድ ነው፣ ማንም ደፍሮ አታጢሱ አይልም። ነገር ግን ዛሬ የሚጤሰው ላስቲክ ነው። ጭሱ መርዝ ነው፤ የቀለጠው ከአሸዋ ጋር ተጋግሮ ጥቁር ድንጋይ ይሆናል፣ ያንን ገዢም አይወስደው ማግኔትም አያነሳው። ክበቡ በዋዜማው ላስቲኩን ለቅሞ ቅጠሉንና ገራባውን ለጭሱ ትቷል።

ስለ መጠጡ ራሱ ክበቡ አቋም ይዟል፦ ተማሪ ጠጪን አይገሥጽም፣ ማታም ወደ ዳርቻው አይሄድም። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ ለሻጮች የነገርነው ይህን ያህል ነው። ከልመና የበለጠ የሠራው አንድ ሻጭ አረቄውን በመለኪያ ብቻ፣ እዚያው ተጠጥቶ ብርጭቆው እንዲመለስ ማድረጉ ነው። በሃይላንድ ቀድቶ መስጠት ሲቀር ላስቲኩም ቀረ።

የሰከረ ሰው ዳር ላይ ሚዛኑን ያጣል፣ ውሃ ውስጥ ሲገባም ጉልበቱን ያጋንናል። ተከትሎ የሚዘልለው ብዙ ጊዜ አብሮ ይሰጥማል፣ ሰማጭ ያገኘውን ሁሉ አንቆ ይይዛልና። ስለዚህ የሚወረወር ነገር አዘጋጀን፦ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን፣ ክብደት ሰጥቶት ሩቅ እንዲሄድ ግማሽ ሊትር ውሃ ተጨምሮበት፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ 15 ሜትር ገመድ ታስሮበት። ወርዋሪው ገመዱን በእግሩ ረግጦ፣ ከሰማጩ ራስ አሳልፎ ይጥልና ወደ እሱ ይስባል። ጀሪካኑ ሳምንት ሳይቆይ ውሃ መቅጃ ሆኖ ሄደ። በምትኩ ማንም የማይመኛቸውን ባዶ ሃይላንዶች በመረብ ቋጥረን ሰቀልን፤ ገመዱ ተፈትቶ ተወሰደ። አሁን ሁለተኛው ጀሪካን ከአንዲት ሻይ ሻጭ እናት ዘንድ ተቀምጧል፣ ጠዋትም ማታም እዚያው ናቸው።

በመጋዘን ያለው፦ ስድስት ቀርከሃ፣ ሁለት ማግኔት፣ አራት የቀለም ባልዲ። ጓንቶቹ አልቀዋል። የክሩ ቱቦ ዝናቡ ሳይጠነክር ተራግፎ ከግንዱ ላይ አንድ ሜትር ከፍ ተደርጎ መታሰር አለበት፤ አሁን ካለበት ከተተወ ሐይቁ ሲሞላ ይደርስበታል።