ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ ዳንክ ውድድርህ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ አባቴ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ለግቢያችሁ የዳንክ (የቅርጫት ኳስን ዘሎ በእጅ ቀለበቱ ውስጥ የመሰካት) ውድድር ሦስት ጓደኞችህን አስጎንብሰህ በላያቸው ልትዘል እንዳሰብክ እህትህ ነገረችኝ። ግን የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ ልጅ ሳይመከር ሜዳ አይገባምና ስማኝ።

ሰው ወይም ዕቃ መዝለል ብቻውን ዳንክን ትልቅ አያደርገውም። በ2011 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ) በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ (ኤንቢኤ) የዳንክ ውድድር ብሌክ ግሪፈን ሎስ አንጀለስ ላይ መኪና ዘሎ አሸነፈ። መዘምራን ቆመው ይዘምራሉ፤ የቡድን ጓደኛው ባሮን ዴቪስ ከመኪናው ጣሪያ ብቅ ብሎ ኳሷን አቀበለው፤ አዳራሹ ቀለጠ። ደግመህ ስታየው ግን ያለፈው ዝቅ ባለው በኮፈኑ በኩል ነው። መኪናውን ብታነሣው የሚቀርህ ግሪፈን በየጨዋታው ያስገባው የነበረው ዓይነት ዳንክ ነው።

የ2016ቱን የቶሮንቶ ውድድር ደግሞ ተመልከት። አሮን ጎርደንም የዘለለው በወቅቱ ቡድኑ በኦርላንዶ ማጂክ ማስኮት (የቡድኑን ምልክት አልባሳት ለብሶ ተመልካች በሚያዝናናው ሰው) ላይ ነው። ማስኮቱ ኳሷን ራሱ ላይ ይዞ ቆሟል። ጎርደን አየር ላይ ሆኖ ነጠቃትና ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው ሁለቱንም እግሮቹን አነሣ፤ ኳሷን በእግሮቹ ሥር ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አሳልፎ ቀለበቱ ውስጥ ሰካት። ማስኮቱን ብታስወጣው እንኳ አፍ ያስከፍታል። ዛክ ላቪን ማሸነፉን አውቃለሁ፤ ከቅጣት መወርወሪያው መስመር አካባቢ ተነሥቶ፣ ኳሷን በእግሮቹ መካከል አሳልፎ ማስገባቱም የዋዛ አልነበረም። ለእኔ ግን የዚያ ምሽት አሸናፊ ጎርደን ነው። በዚህ ከአባትህም ጋር አልተስማማንም።

አንድ ሜትር ሽቅብ የዘለለ ሰው ተነሥቶ እስኪያርፍ አንድ ሰከንድ አይሞላም። ከዚያችም ጊዜ ግማሿን የሚያሳልፈው በዝላዩ የላይኛው ሩብ ላይ ነው፤ «አየር ላይ ቆመ» የምንለው ለዚህ ነው። እኔ ዳንክን የምመዝነው በዚያች ቅጽበት ሰውነት በሠራው ሥራ ነው።

ቪንስ ካርተር በ2000 ኦክላንድ ላይ የመጀመሪያውን ሲያስገባ ሙሉ ዙር ተሽከርክሮ፣ ኳሷን በተዘረጋ ክንዱ አዙሮ ነው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ዘላይ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ግራ ይዞራል፤ ካርተር የዞረው በተቃራኒው ነው። ይህን የማያውቅ ተመልካች እንኳ አይቶት የማያውቀው ነገር እንደሆነ ዓይኑ ነግሮታል። ቆይቶ ደግሞ ክንዱን እስከ ክርኑ ቀለበቱ ውስጥ ከትቶ ተንጠለጠለ። ማንም ማብራሪያ አላስፈለገውም።

ሌላው የምመዝንበት በመጀመሪያ ሙከራ ማስገባት ነው። በ2006 ሂዩስተን ላይ አንድሬ ኢጉዳላ ቀለበቱ ከተሰቀለበት ሰሌዳ ጀርባ ተነሥቶ፣ ከሥሩ አጎንብሶ አልፎ ኳሷን አስገባ። ዋንጫውን ግን በአንድ ነጥብ ኔት ሮቢንሰን ወሰደው። ሮቢንሰን ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 ገደማ ነው፤ 3 ሜትር ከ5 ሴንቲ ሜትር ላይ ለተሰቀለ ቀለበት ያን ያህል መዝለሉን አከብራለሁ። ነገር ግን አንዱን ዳንክ ከ10 ጊዜ በላይ ስቶ ነው ያስገባው። ሰው ሲደጋግም ያየውን ነገር በመጨረሻ ቢሳካም አይደነቅበትም። ዳኛ ብሆን ኖሮ ለኢጉዳላ እሰጥ ነበር።

እንግዲህ ሦስት ሰው ስትዘል ሐሳብህ ሁሉ የማንንም ጀርባ ላለመንካት ይሆናል፤ ለእጅህ የሚተርፍ ጊዜ የለህም፤ ብትስት ደግሞ ልጆቹም አንተም ትጎዳላችሁ። ለቀለበቱ ጀርባህን ሰጥተህ በሁለት እጅህ የምታስገባትን አድርግ። እሷን ስትሠራ ጉልበቶችህን ወደ ደረትህ ስለምትሰበስብ ከሁሉም ከፍ ያልክ ትመስላለህ፤ ደግሞም ብዙ ጊዜ አትስታትም። ከዋዜማው ጀምረህ እግርህን አሳርፍ፤ ቁርጭምጭሚትህን በደንብ አሟሙቅ።

ቪዲዮውን ከጎን ይቅረጹልህ፤ ከፊት ከተቀረጸ እግርህ ከመሬት ምን ያህል እንደራቀ አይታይም። የዚያኑ ዕለት ማታ ላክልኝ።

እናትህ