ከማዶ በረንዳ ለነበርሽው

እህት ዓለሜ፣ እንደምን ከርመሻል? አራት ዓመት ዝም ብዬ ዛሬ በጉዳይ መጣሁብሽ፤ ይቅር በይኝ። ሚላኖ ገብተሽ ቡና ቆመሽ በአንድ ጉንጭ ትጠጫለሽ ሲሉኝ አላመንኩም፤ በረካ ሳይቀዳ የማትነሺው ሴት!

ቃሊቲ ከተከራየሁት ቤት ጀርባ መጋዘን አለ። ከፋሲካ ወዲህ ሌሊት ሌሊት መኪና እየመጣ በርሜልና ነጭ ጆንያ ያራግፋል። ነፋሱ ወደ እኛ ሲዞር ዓይን ያቃጥላል። ልጄ ኳስ የሚጫወተው እዚያው አጥር ሥር ነው። ዘበኛውን ብጠይቀው «የፋብሪካ ዕቃ ነው» አለኝ። ጽሕፈት ቤት ሄጄ ብጠይቅ «ፈቃድ አለው» ተባልኩ፤ ምን ለማስቀመጥ እንደተፈቀደለት ግን የነገረኝ የለም። ጎረቤቶቼ «ጆንያ ምን ያደርጋል?» ይሉኛል።

ጆንያ ምን እንደሚያደርግ እኔና አንቺ እናውቃለን። 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት፣ ለማዳበሪያም ለፈንጂም የሚሆን ኬሚካል፣ በጆንያ ሆኖ በቤይሩት ወደብ 12 ቁጥር መጋዘን ውስጥ ስድስት ዓመት ያህል ተከምሮ ሲኖር ባለሥልጣናቱ ስለ እርሱ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። ያልሰማነው በየበረንዳው የቆምነው ነን። ሲፈነዳ ከሁለት መቶ ሰው በላይ አለቀ።

አንድ ነገር... በስልክ ልነግርሽ ስንት ጊዜ ሞክሬ አቅቶኛል። ሐምሌ 28 ጭሱ ሲነሣ «ነይ ውጪ፣ እዪው!» ብዬ ከማዶ የጠራሁሽ እኔ ነኝ። ማዳም ወጥ እንዳይቃጠል ብላሽ ውስጥ ነበርሽ። ባልጠራሽ መስታወቱ ክንድሽን ባላገኘው ነበር። ዝምታዬም ከዚህ የመጣ ነው።

ጭስ ሲታይ ከመስኮት መራቅ እንደሚገባ አንድ ሰው አስቀድሞ ነግሮን ቢሆን ኖሮ እያልኩ ስቆጭ ነው ስለ ሴቬሶ ከተማ ያነበብኩት። ካለሽበት በስተሰሜን፣ ቅርብ ናት። ሐምሌ 3 ቀን 1968 ዓ.ም. ከፋብሪካ ያመለጠ ዳዮክሲን የሚባል መርዝ ያለበት ደመና ወረደባት፤ ዶሮና ጥንቸሉ አለቀ፣ የሕፃናት ፊት ቆሰለ፤ ሰው ከቤቱ መውጣት የጀመረው ግን ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው። አሁን በስሟ የሚጠራ የአውሮፓ ሕግ አለ። አደገኛ ኬሚካል ከተወሰነ መጠን በላይ የሚያከማች ድርጅት ዓይነቱንና መጠኑን ለመንግሥት ያስታውቃል፤ በአካባቢው ቤት ለመሥራት ሲታቀድም ርቀቱ ይታያል። ክምችቱ ከፍተኛ ከሆነ ደግሞ አደጋ ቢነሣ ምን ማድረግ እንዳለበት ለጎረቤቱ ሁሉ ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ ይነገረዋል፤ ሳይጠይቅ! እኔ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ የበርሜሉን ስም እንኳ አላገኘሁም።

እባክሽ፣ ለነዋሪው የሚታደለውን ወረቀት ፈልገሽ ወደ አማርኛ መልሺልኝ። በዕድራችን ስብሰባ ላይ ላነበው ነው። ሕጉ የእኛ ባይሆንም ምን ብለን መጠየቅ እንዳለብን ያሳየናል።

ክንድሽ በብርድ ያምሻል? እውነቱን ጻፊልኝ፤ ለእኔ ብለሽ አትደብቂ።

መኪናው መጣ መሰለኝ። ልጁ መስኮት ሥር ተኝቷል፤ ልነሣና አልጋውን ወደ ጓዳ ላስጠጋው።