ይድረስ ለከተማችን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጌታዬ፣

የከተማዋን ስም አልጠራም። ጎጃም ውስጥ ናት፤ እርስዎም ራስዎን ያውቃሉ። ማመልከቻዬ መዝገብ ቤት ገብቶ ቀረ። ፀሐፊዎም "ስብሰባ ላይ ናቸው" ማለት አልሰለቻቸውም። ስለዚህ በአደባባይ መጻፍ ግድ ሆነብኝ።

ለዐውደ ርዕይ ብላችሁ የወሰዳችሁት የአጎቴ ሥዕል የት ገባ? ከጮቄ በሚወርድ ወንዝ ዳር የነበረውን የአሮጌ የውኃ ወፍጮ ውስጡን የሚያሳየው። አንዲት ሴት የዳጉሳ አቁማዳ ከጀርባዋ ስታወርድ፣ ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ሲወቅር፣ ተራ ጠባቂዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ሲያንጎላጁ። ዱቄቱ ሲቦን ሳይቀር ይታያል። አጎቴ ያን ብናኝ ለማውጣት ስንት ሌሊት በመርፌ ነጠብጣብ ሲወጋ እንዳደረ እኔ ነኝ የማውቀው።

ፍሬሙን አግኝቼዋለሁ። ቢሮዎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ውስጡ የእርስዎ የምስጋና ምስክር ወረቀት ገብቶበታል። እንኳን ደስ አለዎ! ሥዕሉስ ብል የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ህትመት አይደል እንዴ? ሌላ አሳትመህ አምጣ።"

ፎቶ ኮፒ አይደለም እኮ! የመዳብ ዝርግ በሰም ይሸፈናል። ሥዕሉ ሰሙ ላይ በመርፌ ይጫራል። ከዚያ አሲድ ውስጥ ይገባል፤ አሲዱ የተጫረውን ብቻ ይበላዋል። የተበላው መስመር ቀለም ይሞላል፣ ላዩ ይጠረጋል፣ እርጥብ ወረቀት ላይ በከባድ መጭመቂያ ይታተማል። በታተመ ቁጥር መዳቡ እያለቀ ስለሚሄድ ከአንድ ዝርግ ጥርት ያለ ሥዕል እንደልብ አይገኝም። የሆላንዱ ሬምብራንት፣ እሱም የባለወፍጮ ልጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1641 የንፋስ ወፍጮ የሣለው በዚሁ መንገድ ነው። ሙዚየሞች ያንን ወረቀት እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቁታል። "ሌላ አሳትሙ" የሚል ንብረት ክፍል የላቸውማ።

የአጎቴ ዝርግ እሱ ሲሞት ለቆራሌው ተሸጧል። ወፍጮውም ፈርሷል፤ አገሬው አሁን የሚያስፈጨው በኤሌክትሪክ ነው። የቀረው ያ ወረቀት ብቻ ነበር።

የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992ን ለእርስዎ አላስተምርም። ቅርስ መጠበቅና ኪነ ጥበብን መደገፍ የመንግሥት ኃላፊነት ነው የሚለውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 41ም በየስብሰባው ይጠቅሱታል። የኔ ጉዳይ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ሥዕሉን ስትረከቡ ሞዴል 19፣ የንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ ቆርጣችኋል፤ ቅጂው እጄ ላይ ነው። "ከነፍሬሙ" ይላል።

ፍሬሙን ይያዙት። ወረቀቱን መልሱልኝ። ከሌለም "ጠፍቷል" ብላችሁ፣ ፈርማችሁ፣ ማኅተም አሳርፋችሁ ስጡኝ። "እየፈለግን ነው" የሚል መልስ ግን ከእንግዲህ አልቀበልም።

ግልባጭ፦
ለንብረት ክፍል