አባታችንን ላሻገራችሁልን ሁሉ

ይህን የምጽፈው በባሕር ዳርና በዘጌ በአባታችን ለቅሶ አብራችሁን ላዘናችሁ ሁሉ ነው። ቤት ለቤት እየዞርን ማመስገን ነበረብን። ብዙ ስለሆናችሁ አልቻልንም፤ በጽሑፍ ተቀበሉን።

አባታችን የጣና ሐይቅ ዳሯ የዘጌ ልጅ ነበሩ። በሬ የማይጠመድበት፣ መሬት የማይታረስበት አገር ልጅ። ጻድቁ አቡነ በትረ ማርያም ከእግዚአብሔር ከተቀበሉት ቃል ኪዳን ወዲህ ዘጌ በቡናና በጌሾ ይኖራል ይባላል። እሳቸውም በወጣትነታቸው ቡናና ጌሾውን በታንኳ ጭነው ወደ ባሕር ዳር ገበያ ይሻገሩ ነበር። የደንገል ታንኳ ውኃ ይጠጣል። ከየጉዞው በኋላ አውጥተው ፀሐይ ላይ ካላደረቁት ይከብዳል። ይህን ለልጅ ልጆቻቸው ስንት ጊዜ እንደነገሯቸው!

ኋላ ከተማ ገብተው የሽመና ማሽን ላይ ሠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡ። ከማሽኑ ጩኸት የተነሳ ጆሯቸው ከብዶ ነበር። ስለዚህ እኛ ቤት ሁሉም ሰው ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ሲገቡ መምህራኖቻቸው «ቀስ ብላችሁ ተናገሩ» ይሏቸው ነበር። የሥራ ባልደረቦቻቸው የነበራችሁ አባቶቻችን፣ በሰልስቱ ዕለት መጥታችሁ ድንኳኑ ውስጥ እየተጯጯሃችሁ ስትጫወቱ እናታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። አባባ ያሉ መሰለን። እግዚአብሔር ያክብርልን።

የዕድራችን እናቶች፣ ሦስት ሌሊት ከእናታችን ጋር መሬት ላይ ተኝታችኋል። ንፍሮው፣ ቡናው፣ ውኃው ከየት እንደሚመጣ እንኳ አላወቅንም። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አባታችንን ያስታመማችሁ ነርሶችም፣ ጆሯቸው ሥር ተጠግታችሁ ስማቸውን እየጠራችሁ ታናግሯቸው ነበር። ያን አንረሳም።

አሁን ወደ ጀልባዎቹ ልምጣ። ዘጌ በመኪናም ይኬዳል። አባታችን ግን «በውኃ ውሰዱኝ» ብለው ነበር። ጭንቅ ውስጥ ገባን። ነዳጅ በጠፋበት ሰሞን ያን ሁሉ ለቀስተኛ ማን ያሻግራል? እናንተ ባለጀልባዎች ግን ማታ ሰምታችሁ ንጋት ላይ ሦስት ጀልባ አሰልፋችሁ ጠበቃችሁን። የእሳቸውን ጀልባ ከፊት አደረጋችሁ። ሞተሩን ዝግ አድርጋችሁ፣ ካህናቱ እየጸለዩ፣ ውኃው እንደ መስተዋት ረግቶ ሄድን። ሂሳብ ስንጠይቅ «ነውር ነው» አላችሁን። ከመካከላችሁ አንዱ፣ ልጅ ሳለ ታንኳ ማሰር ያስተማሩት አባታችን እንደሆኑ የነገረን ስንመለስ ነው። እኛ ይህን አናውቅም ነበር።

የዘጌ ወጣቶች፣ ከወደቡ ተቀብላችሁ በቡናው ጫካ ውስጥ ሽቅብ እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በትከሻችሁ ወሰዳችኋቸው። ታናሹ የልጅ ልጃቸው መሸከም ፈልጎ ቁመቱ አልደርስ ሲለው አንዳችሁ ጎንበስ ብላችሁ እጁን አስነካችሁት። ዛሬም ስለዚያች ቅጽበት ያወራል፤ ጮክ ብሎ።

ብድራችሁን በደስታ እንድንመልስ ያብቃን።

የአርባቸው ጸሎት እዚያው ዑራ ነው። ጀልባው ከባሕር ዳር የሚነሳው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። አባታችን «ጣና እስከ ስድስት ሰዓት ነው ወዳጅህ፤ ከዚያ ነፋሱ ይነሳል» ይሉ ነበርና አደራ፣ ቀደም ብላችሁ ኑ።